ቀስ ብለው ሲነኩት የሚሰበር

በአገራችን ደስ የሚል ዜና በመስኮት ይወረወራል። ልጅ ተወለደ፣ ሎተሪ ወጣ፣ ቪዛ ተመታ ሲባል የሰማ ሁሉ ይሮጣል፤ «ለምን ቀደምከኝ?» ብሎ የሚጣላ እንጂ «እንዴት እንዲህ አድርገህ ትነግረኛለህ?» ብሎ የሚቀየም የለም። ክፉ ዜና ግን ሌላ ነው። ክፉ ዜና ሰዓት አለው፣ አለባበስ አለው፣ ሊቀመንበር አለው። መብራት ሳይነግሩን ያጠፉብናል፣ ውሃ ሳያስጠነቅቁን ይዘጉብናል፣ መንግሥትን እንኳ አንድ ቀን ጠዋት ስንነሳ ተቀይሮ እናገኘዋለን። ሰው ሲሞት ብቻ፣ ሟቹ ከተቀበረ ወራት ቢያልፉም፣ ለልጁ የሚነገርበት ቀንና ሰዓት በኮሚቴ ይወሰናል።

በተለይ ልጁ ውጭ አገር ከሆነ።

እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ለእንዲህ ያለው ሰው መርዶ በስልክ አይነገርም። «በሰው አገር ማን አለው? ማን ያቅፈዋል?» ይባላል። ሐሳቡ ክፋት የለውም። ስለዚህ ሟች በስልኩ ውስጥ መኖሩን ይቀጥላል። ልጁ ሲደውል አባት «አሁን ወጣ» ይባላል። ሌላ ጊዜ ሲደውል «ተኝቷል» ይባላል፤ ይቺኛዋ እንኳ ከእውነት ብዙም አትርቅም። እንዲያውም አንዳንዱ በሕይወት ሳለ ያላገኘውን ጤና ከሞተ በኋላ ያገኛል። «ስኳሩስ እንዴት አደረገው?» «ኧረ የምን ስኳር፣ ድራሹ ጠፋ!» እውነት ነው። ጠፋ።

*

አቶ ንጋቱ ገርጂ ውስጥ አጥር የምንጋራቸው ጎረቤታችን ነበሩ። ገርጂ ያኔ ከተማ ልሁን ገጠር ልሁን ብላ ገና ያልወሰነች ሰፈር ነበረች፤ ከአንዱ ቪላ በር ላይ ላም ታስራ፣ ከላሟ በላይ ዲሽ ተሰቅሎ ታያላችሁ። ላሟና ዲሹ ተስማምተው ይኖሩ ነበር። ያልተስማማነው እኛ ነን።

የአቶ ንጋቱ ልጅ መስፍን አብሮ አደጌ ነው። ለትምህርት ጀርመን ሄደ። የሄደበት ጀርመን እሱ እዚያው እያለ ከሌላኛው ጀርመን ጋር ተዋሕዶ ጠፋ፤ መስፍን ግን ትምህርቱን አላቋረጠም። አገር ሲጠፋበት ያላቋረጠ ሰው ምን ያቋርጠዋል? ዶክተር ሆነ። የፊዚክስ። ሰፈራችን ግን ዶክተር ለዶክተር የሚለይ ሰፈር አይደለምና፣ ሊመጣ ነው ሲባል የወገብና የጉልበት ሕመምተኛ ሁሉ ቀጠሮ ያዘለት።

አባቱ ከፋሲካ በፊት ነው ያረፉት። በስኳር። እሱ ሊመጣ የነበረው ክረምት ሲገባ ነው። በመሃሉ ያለውን ጊዜ አቶ ንጋቱ በስልክ ውስጥ በሙሉ ጤንነት አሳለፉ።

የመስፍን መምጣት እንደተሰማ አቶ ሰይድ ስብሰባ ጠሩ። አቶ ሰይድ የወሎ ሰው፣ ባለ ሱቅ፣ የእድራችን ዳኛ ናቸው። ከሟቹ ጋር አብረው ደሴ ያደጉ ናቸውና ጉዳዩ ለእሳቸው የኃላፊነት ብቻ ሳይሆን የልብም ነበር። መርዶ የሚናገር ሰው ሞልቷል፤ እንደ አቶ ሰይድ ተዘጋጅቶበት የሚናገር ግን አልነበረም። ምሳሌ ያዘጋጃሉ። ማን ከየት በኩል እንደሚይዝ ያከፋፍላሉ። ወንበሮች ከመስታወትና ከስለታም ነገር እንዲርቁ ያዛሉ። ጄኔራል ቢሆኑ ኖሮ አንድም ጦርነት ባልተሸነፍን።

የመጀመሪያው አጀንዳ፦ ሟቹ የት ሄደዋል ይባል?

ጸበል ሄዱ እንዳይባል፣ ታመዋል ማለት ነው፤ ልጁ ሻንጣውን ሳያስቀምጥ ልከተላቸው ይላል። ሠርግ ሄዱ እንዳይባል፣ ስንት ዓመት ያላየውን ልጁን ትቶ ሰው ድግስ ላይ የሚጨፍር አባት የለም። አንዱ «ወደ ሐጅ…» ብሎ ጀመረና ሟቹ የማርያም ማኅበርተኛ እንደነበሩ ትዝ ሲለው ተቀመጠ። አቶ ሰይድ ሁሉንም አዳመጡና ብይን ሰጡ።

«ደሴ። ፍርድ ቤት። የውርስ ቤት ክርክር።»

ቤቱ በሙሉ አደነቀ። ፍርድ ቤት የሄደ ሰው መቼ ይመለሳል ብሎ የሚጠይቅ ኢትዮጵያዊ የለማ!

ይሄን ጊዜ ነው ጋሼ ታደሰ የተነሳው። ጋሼ ታደሰ የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው። ሬዲዮ ይጠግናል፣ ቮልስ ይነዳል፣ በዚህች አገር ላይ የሚደርሰው ነገር ሁሉ ከኋላቀርነት የመጣ ነው ብሎ ያምናል። ቮልሱ የሚበላሸው ብቻ ከመንገዱ ነው።

«ይሄ ሁሉ ቲያትር ለምንድነው?» አለ። «ልጁ ሳይንቲስት ነው! እንደመጣ ቁጭ አድርጎ በሰው ወግ መንገር ነው።»

«አቶ ታደሰ» አሉ አቶ ሰይድ፣ «ሳይንቲስት አባት የለውም እንዴ? ይምጣ፣ ይብላ፣ ይተኛ። ጎህ ሲቀድ እንነግረዋለን። ሰው በባዶ ሆዱ አያለቅስም።»

እጅ ይውጣ ተባለ። የጋሼ ታደሰ እጅ ብቻዋን ወጥታ ብቻዋን ወረደች።

እናቲቱ እትዬ አስካለ በስብሰባው የተናገሩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። «እንዴትም ይነገረው» አሉ። «ብቻ እዚህ፣ ሰው መሃል፣ ያልቅስልኝ። ሳያለቅስ እንዳይመለስብኝ። እዚያ ሄዶ አንድ ቀን ብቻውን ቢወርድበት ማን ይይዝልኛል?»

ነገሩ ሁሉ እዚህች ላይ ነበር። የቀረው የእኛ ጭማሪ ነው።

*

ጭማሪውም ቀላል አልነበረም። ከግድግዳው ላይ የአቶ ንጋቱ ጥቁር ጥብጣብ የዞረበት ፎቶ ወረደ፤ በቦታው ካሌንደር ተሰቀለ። ካሌንደሩ ከፎቶው ያንሳልና ዙሪያውን ያልጠየመ ግድግዳ እንደ ክፈፍ ታየ። «ማን ያየዋል?» ተባለ። እትዬ አስካለ ከል ለብሰው፣ ጸጉራቸውን ተላጭተው ነው የሰነበቱት። ለጸጉሩ ሻሽ ተገኘ። ለከሉ ግን ሌላ ቀሚስ ያስፈልግ ነበር፤ የራሳቸውን የቀለም ልብስ ሁሉ ለነዳያን ሰጥተዋል። ጎረቤታችን ወይዘሮ ማርታ የሆሳዕና ሰው፣ ጴንጤ ናት፤ እንዋሽ የሚል ስብሰባ ላይ አልገኝም ብላ ቀርታ ነበር። በር ድረስ ሄደው ለመኗት። አሰበችበት።

«እኔ ውሸት አልናገርም» አለች በመጨረሻ። «ቀሚስ ግን አውሳለሁ።»

ትልልቅ ቢጫ አበባ ያለበት ቀሚስ። የሃይማኖት ነጻነት ማለት ይሄ ነው።

*

መስፍንን ለመቀበል እኔና ጋሼ ታደሰ ተላክን። እኔ የተመረጥኩት ኤርፖርቱ አጠገብ የዕቃ አስተላላፊ ቢሮ ውስጥ ስለምሠራና በሩ ላይ ያሉትን ስለማውቃቸው ነው። ጋሼ ታደሰ የተመረጠው ቮልሱ የእሱ ስለሆነ ነው። እድሩ ከመኪናው ለይቶ የሚልከው ቢሆን ኖሮ መኪናውን ብቻ ነበር የሚልከው።

መስፍን ወጣ። ጸጉሩ ሳስቷል፣ ሻንጣው ወፍሯል። ተሳሳምን። ዞር ዞር ብሎ አየ።

«አባዬስ?»

«ደሴ ነው» አለ ጋሼ ታደሰ በልምምዱ መሠረት። «ፍርድ ቤት።»

እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። እንዳልኳችሁ ኢትዮጵያዊ ከዚህ በኋላ «እግዜር ይፍታው» ብሎ ያልፋል። ጀርመን የኖረ ሰው ግን ይጠይቃል። የምን ክርክር? የማን ቤት? ከማን ጋር? ጠበቃ አለው? በዚህ ዕድሜው በአውቶቡስ ነው የሄደው? ኢንሱሊኑንስ የት ያስቀምጣል? ጋሼ ታደሰ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ አንድ ዘመድ እየፈጠረ መለሰ። ቮልሱ የኤርፖርቱን በር ሳይወጣ አቶ ንጋቱ ሦስት አዳዲስ የአክስት ልጆች ነበሯቸው፤ ሁለቱ ከሳሾች።

እኔ ከኋላ ሻንጣውን ታቅፌ ተቀምጫለሁ። ወሬ መቀየር ነበረብኝ።

«ለመሆኑ መስፍኔ፣ ሥራህ ምንድነው? እዚህ እኮ ጉልበት ታያለህ እየተባለ ነው።»

ሳቀ። «ሞለኪውል ነው የምንመዝነው።»

«በሚዛን?»

«በሩጫ» አለ፤ ወደ እኔ ዞሮ ተቀመጠ። ስለ ሥራው የሚያወራ ሰው ፊት ታውቃላችሁ፤ እንደዚያ ሆነ። «መጀመሪያ ከሞለኪውሏ ላይ አንድ ኤሌክትሮን ትነጥቃለህ። ያኔ ኤሌክትሪክ ሊገፋት ይችላል። አየር በሌለበት ቱቦ ውስጥ ታስሮጣታለህ። ቀላሏ ቀድማ ትደርሳለች፣ ከባዷ ትዘገያለች። በመድረሻ ሰዓቷ ክብደቷን ታውቃለህ፣ በክብደቷ ማንነቷን።»

«ታዲያ ምን ችግር አለው?» አለ ጋሼ ታደሰ። መሣሪያ ሲባል ነፍሱ ነው።

«ችግሩ መንጠቁ ላይ ነው ጋሼ። አንዳንዷ ስስ ናት። ስትነካት ብትንትኗ ይወጣል። ቱቦው ጫፍ ላይ የሚደርስህ ስብርባሪ ነው። ከስብርባሪው ተነስተህ ይቺ ማን ነበረች ብለህ መገመት ነው። የፈንጂ ሞለኪውሎችን ብንወስድ…»

«ያቺን ቃል ጥበቃዎቹን እስክናልፍ ተዋት» አለ ጋሼ ታደሰ።

ጥበቃዎቹን አለፍን።

«በተለመደው ሌዘር ስትመታት» ቀጠለ መስፍን፣ «ምቱ ለእኛ ቅጽበት ነው፣ ለእሷ ግን ዘመን ነው። የምቱ መጀመሪያ ሲደርስባት መንቀጥቀጥ ትጀምራለች፤ ምቱ ገና አላለቀም፣ ይጨመርባታል፤ ትሞቃለች፣ ትፈርሳለች። እኛ የምንሠራበት ሌዘር ግን… እንዴት ልበልህ? ሰከንድን ሚሊዮን ቦታ ቁረጠው። ከቁራጮቹ አንዷን አንሳና እሷን ደግሞ ቢሊዮን ቦታ ቁረጣት። የእኛ ምት ከእነዚያ ብናኞች ጥቂት አሥሮችን ቢወስድ ነው። ለመንቀጥቀጥ እንኳ ጊዜ የላትም። ኤሌክትሮኗ ሄዷል፣ እሷ ሙሉ ናት። ብዙ ጊዜ።»

ይቺን «ብዙ ጊዜ» የምትለዋን እኔ ሰምቻታለሁ። ጋሼ ታደሰ አልሰማትም።

«እንግዲህ» አለ፣ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ «ስስ ነገር ቀስ ተብሎ አይነካም ነው የምትለኝ?»

«ቀስ ብለህ ስትነካው ነው የሚሰበረው።»

ወዳጆቼ፣ ሳይንስ ላቦራቶሪ ውስጥ ሲቀመጥ ጉዳት የለውም። ጉዳት የሚያደርሰው ቮልስ ውስጥ ነው። ከኋላ ሆኜ የጋሼ ታደሰ ጆሮዎች ቀስ በቀስ ሲቀሉ አየሁ። ዕድሜ ልኩን ሲከራከርበት የኖረው ነገር፣ እጁ ብቻዋን የወረደችበት ነገር፣ አሁን ከጀርመን ድረስ ማስረጃ መጣለት። መገናኛን አልፈን ወደ ገርጂ ታጠፍን። ላሞች መንገዱን ሲያቋርጡ ቆምን። ላሞቹ አለፉ።

«መስፍን» አለ ጋሼ ታደሰ።

«አቤት ጋሼ።»

«አባትህ ሞቷል።»

አለና ማርሽ አስገባ።

እኔ ሻንጣውን አጥብቄ ያዝኩ። የምይዘው ሌላ ነገር አልነበረም። ቮልስ ከኋላ ነው የሚጮኸው፤ ያን ጊዜ ግን ሞተሩ ራሱ ድምፁን የቀነሰ መሰለኝ። ጋሼ ታደሰ በመስታወቱ አይመለከተውም፤ ጎኑ ነውና የተቀመጠው በዓይኑ ጥግ ይመዝነዋል። መስፍን የፊት ለፊቱን መንገድ ያያል። አልጮኸም። ደረቱን አልመታም። እጁን ጉልበቱ ላይ እንዳስቀመጠ ነው።

«መቼ?» አለ።

«ከፋሲካ በፊት።»

«በስኳሩ?»

«በስኳሩ።»

«እሺ» አለ መስፍን።

ጋሼ ታደሰ ወደ እኔ ዞረ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል፣ ፊቱ ግን እንደ አሸናፊ ነው። «አየህ?» አለኝ በሹክሹክታ፣ ቮልስ ውስጥ ሹክሹክታ ጩኸት ቢሆንም። «አልተሰበረም!»

ድል ግን በዚህች አገር ዕድሜዋ አጭር ነው። የሰፈራችን መግቢያ ሲታይ ጋሼ ታደሰ የእድሩ ዳኛ ትዝ አሉት። መኪናውን ጥግ አስይዞ አቆመ።

«ስማ መስፍኔ፣ በአባትህ… በእናትህ ሞት ይዤሃለሁ! አላወቅህም፤ ገባህ? እኔ አልነገርኩህም። ሰይድ ይገድለኛል። እናትህም አታውቅም።»

«መሞቱን?»

«ማወቅህን!»

መስፍን ለመጀመሪያ ጊዜ ዞሮ አየው። «ጋሼ፣ አባዬ ሞቷል ወይስ ደሴ ነው?»

ጋሼ ታደሰ ላቡን ጠረገ።

«እስከ ነገ ጠዋት ደሴ ነው» አለ።

*

እትዬ አስካለ በሩ ላይ ቆመው ነበር፣ በቢጫ አበባ ውስጥ። ቀሚሱ ይረዝማቸዋል። እልልታ ለማሰማት ሞከሩ፤ ግማሹ ወጣ። አቀፉት፣ አገላብጠው ሳሙት፣ ደግመው ሳሙት።

«አባትህ እኮ ደሴ ለክርክር…»

«አውቃለሁ እማዬ፣ ጋሼ ነግሮኛል። ይምጣ፣ ምን ይቸኩላል?»

ቤቱ ሙሉ ሰው ትንፋሹን ለቀቀ። አቶ ሰይድ በኩራት አናታቸውን ነቀነቁ፤ ፍርድ ቤቱ የማን ሐሳብ ነበረ?

ራት ቀረበ። እኔ በሕይወቴ ቲያትር ቤት ብዙ ጊዜ ገብቻለሁ፤ ተዋናዩ ሁሉ ሌላው ተመልካች ነው ብሎ የሚተውንበትን ግን ያን ዕለት ብቻ ነው ያየሁት። የሰፈሩ ሰው በየተራ እየገባ ሰላም ይለዋል፤ የገባው ሁሉ ሳይጠየቅ «ውይ፣ ጋሼ ንጋቱ ደሴ ሆነው አጡህ!» ይላል። ከሰባተኛው ደሴ በኋላ መስፍን እንኳ ያመነ መሰለኝ። ይበላል። እትዬ አስካለ ያጎርሱታል፤ ይጎርሳል። የጀርመን ቤት አከራዩን ያወራል፤ ሰውዬው የተከራዮቹን ቆሻሻ በላስቲክ ጓንት እየፈተሸ የወረቀቱን ከጠርሙሱ ካልለዩ በራቸው ላይ መልሶ የሚያስቀምጥ ነው አሉ። እትዬ አስካለ ሳቁ። ከፋሲካ ወዲህ ከልባቸው ስቀው አያውቁም። ሳቃቸው ራሳቸውን አስደነገጣቸውና አፋቸውን በሻሻቸው ጫፍ ያዙት። መስፍን ያን ጊዜ ካሌንደሩን አየ። ካሌንደሩንና ዙሪያውን። ዓይኑን ቶሎ ወደ ሳህኑ መለሰና ሌላ የአከራዩን ታሪክ ጀመረ።

ጋሼ ታደሰ አንድ ጉርሻ አልበላም። እኔ በላሁ፤ እውነቱን ለመናገር ወጡ ጥሩ ነበር። ግን ከበድ ያለኝ ነገር ነበር። መስፍን እጅግ ሙሉ ነበር። ምንም ስንጥቅ አይታይበትም። እንደዚህ ሆኖ ጠዋት ላይ እንደምንም አስመስሎ፣ ሙሉውን ተሸክሞ ተመልሶ ቢሄድስ? እናቱ የፈሩት ይሄን አይደል?

*

ጎህ ሲቀድ እድሩ በሙሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ግቢው ውስጥ ቆሟል። ጭቃ ነው፣ ብርድ ነው። ድንኳኑ ከአጥሩ ውጭ ተጠቅልሎ ይጠብቃል። አቶ ሰይድ፣ ጋሼ ታደሰና እኔ ገባን። መስፍን አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ አገኘነው፤ እንደተኛ እንኳ አልመሰለኝም።

አቶ ሰይድ አጠገቡ ተቀመጡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ዶክተር» አሉ፣ «አንድ ገበሬ ነበር። ከጎረቤቱ በሬ ተዋሰ…»

ይሄ የበሬ ምሳሌ የአቶ ሰይድ ዋና ሥራቸው ነው። ገበሬው በሬውን ይዋሳል፣ ያርስበታል፣ ይወደዋል፣ ስም ያወጣለታል፤ በመጨረሻ ባለቤቱ ይመጣና በሬዬን ይላል። የሰው ነፍስም እንዲሁ የውሰት ነች ለማለት ነው። ሲጨርሱት ያምራል። ችግሩ ገበሬው ገና የመጀመሪያውን እርሻ እያረሰ ሳለ፣ ውጭ ጭቃው ላይ የቆመችው አልማዝ፣ በሰፈራችን መርዶ ሁሉ ቀድማ የምትጮኸው፣ ብርዱ ይሁን ትዕግሥት ማጣቷ፣ የተነገረ መስሏት ለቀቀችው።

«ወይኔ ጋሼ ንጋቱ! ወይኔ አባቴ!»

ግቢው ተከተላት። አቶ ሰይድ አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። በሬው እርሻው መሃል ቆመ።

አሁን ተራው የመስፍን ነበር። ለጋሼ ታደሰ ቃል ገብቷልና ሁለት እጁን አንስቶ ራሱ ላይ ጫነ። «አባዬ!» አለ። እንደ ወንድሜ ነው፣ እወደዋለሁ፤ ግን ከዚያ የባሰ ትወና አይቼ አላውቅም። ከስንት ዓመት በፊት ያየውን ለቅሶ በትዝታ የሚቀዳ ሰው ይመስል ነበር። ጋሼ ታደሰ ዓይኑን ወደ ጣሪያው ሰቀለ። እኔ ጫማዬን አየሁ። በዚህ አያያዙ ድንኳኑ ተተክሎ፣ ንፍሮው ተበልቶ፣ መስፍን አንዲት እንባ ሳያወጣ ሁሉም ያልፍ ነበር።

ይሄን ጊዜ እትዬ አስካለ ከጓዳ ወጡ። ቢጫው አበባ የለም። ከላቸውን ለብሰዋል። ሻሹን አውልቀዋል፤ ጸጉራቸው ገና ጣት የማይዘው፣ ነጭ፣ አጭር ነው። ማታ እዚያ ገበታ ላይ ከሳቁት ሴትዮ ጋር የሚያገናኛቸው ነገር አልነበረም።

የመስፍን እጆች ከራሱ ላይ ወረዱ።

«እማዬ» አለ፣ «ጸጉርሽስ?»

ከዚያ በኋላ ያለውን አልገልጽላችሁም። አራት ሰው ያዘው፤ አልበቃም። ወለሉ ላይ ወረደ፣ የእናቱን እግር ያዘ፣ ድምፁ ከየት እንደሚወጣ እንጃ። ቃል አልነበረውም፤ ቁርጥራጭ ነበር። «አባዬ… ስልኩ… ተኝቷል ስትዪኝ… እማዬ…» እትዬ አስካለ አጠገቡ ተቀምጠው ጭንቅላቱን ይዘው ከእሱ ጋር አብረው አለቀሱ። ያን ያህል ጊዜ በስልክ እየሳቁ የደበቁት ሁሉ አብሮ ወጣ። ልጅ ለአባቱ ሲያለቅስ አይተናል። እናትና ልጅ ተያይዘው ሲፈርሱ ግን እኔ መጀመሪያዬ ነበር።

አቶ ሰይድ እንባቸውን እየጠረጉ ጆሮዬ ላይ «በሬው ግማሽ መንገድ ብቻ ሄዶ እንኳ ሠራ» አሉኝ።

ጋሼ ታደሰም በሌላው ጆሮዬ በኩል የራሱን አለ፤ ለእሱ የሠራው መኪና ውስጥ የነገረው ነው።

*

ድንኳኑ ውስጥ በዋልንባቸው ቀናት ጋሼ ታደሰ ካርታ ለሚጫወቱት ለቀስተኞች ሰከንድን ሲቆርጥ ሰነበተ። ሚሊዮን ቦታ፣ ከዚያ ቢሊዮን ቦታ። የሰሙት ሁሉ «ጉድ ነው!» እያሉ ካርታቸውን ጣሉ። ስሙን እየጠበቀ ነው የሚያወራው፤ «አንድ ሰው መኪና ውስጥ ቢነገረው» ይላል እንጂ ማን መኪና፣ የማን ቮልስ አይልም። የጉልበት ሕመምተኞቹም በለቅሶው መሃል ለመስፍን ጉልበታቸውን አሳዩት። አየላቸው። ምን ያድርግ?

አንድ ከሰዓት ዓይኑ እንዳበጠ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ለጋሼ ያልነገርኩት ነገር አለ» አለኝ። «አንዳንዷ ሞለኪውል ስትመታት ሙሉ ትሆናለች። ተሳካ ትላለህ። ከዚያ ቱቦው ውስጥ፣ መንገድ ላይ፣ ማንም ሳይነካት ትፈርሳለች።»

«እና ምን ታደርጋላችሁ?»

«ምንም። ቦታዋ ላይ አትደርስም፣ ግራፉ ላይ ደብዛዛ ሆና ትወጣለች። ወጣት ተማሪዎች መሣሪያው የተበላሸ ይመስላቸዋል።»

«አንተስ?»

«እኔም ይመስለኝ ነበር» አለ።

*

መስፍን ከተመለሰ ሰንበትበት ካለ በኋላ እትዬ አስካለ በአጥሩ በኩል ጠሩኝ። የታጠበ ልብስ እያሰጡ ነው።

«ማነው ቀድሞ የነገረው?» አሉ።

«ምኑን?»

«አትቀልድብኝ። አንተ ነህ ወይስ ታደሰ?»

ዝም አልኩ። በእኛ ሰፈር ዝም ማለት ስም መጥራት ነው።

«ታደሰ ነው» አሉ፤ አልተናደዱም። «በሩ ላይ ውሸቴን ሳልጨርስ አመነኝ እኮ! ያ ልጅ ትንሽ ሆኖ ነገ ትምህርት የለም ስለው ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄዶ፣ በሩን ነክቶ አይቶ የሚመለስ ነው። የአባቱን ነገር በአንድ ቃል ሊያልፈኝ? ወዲያው ገባኝ።»

ደነገጥኩ። «ታዲያ ያን ምሽት ሁሉ… እያወቁ ነው?»

«እያወቅሁ።»

«ለምን ዝም አሉ እትዬ?»

አንሶላውን አራገፉ፣ ገመዱ ላይ ጣሉት፣ ጫፉን አስተካከሉ።

«እየሳቀልኝ፣ እየበላልኝ ነበር» አሉ። «ምን ልበለው ታዲያ? ወጡ ይቀዘቅዝ ነበር።»